ምዕራፍ ሰባት፦ አመለኛ ከማለት በፊት

ጁባ ውስጥ አትላባራ ሰፈር ለሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት ስልክ የሚደወለው ለገንዘብ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። አልፎ አልፎ ግን ወሬው ስለ ፈረስ ይሆናል። ታላቅ ወንድም አትላባራ ሱቅ አለው እንበል፤ ታናሹ እንጅባራ አጠገብ ከወላጆቹ ጋር ያርሳል። ታላቁ በላከው ብር የተገዛው ድንጉላ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞላው። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ይድረስ ተብሎ ኮርቻ ከተጫነበት ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ልጓም ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጋድማል፤ የኮርቻው የሆድ ጠፍር ሲጠብቅበት ዞሮ ይነክሳል፤ ኮርቻ ተጭኖበት ሳለ ከኋላው ለሚጠጋ ሁሉ እግሩን ይሰነዝራል። ይባስ ብሎ በዚህ ሳምንት የጎረቤት ልጅ ክንድ ነክሷል። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ሰው ሳይገድል እንሽጠው» ይላል ታናሹ።

ከሩቅ ሆኖ «በቃ ሽጠው» ማለት ቀላል ነው። ለፈረሱም ለቤተሰቡም የሚበጀው ግን መጀመሪያ «የቱ ጋ ነው የሚያመው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ገር የነበረ ወጣት ፈረስ በድንገት ሲከፋ አካሉ ተመርምሮ እስኪያበቃ ድረስ አመለኛ ሊባል አይገባውም። አመል ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ምንም ሲታጣ ብቻ የሚሰጥ ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ስም ተነሥተን ወደ ዱላ ወይም ወደ ገበያ እንሄዳለን።

የአትላባራው ባለፈረስ በአካባቢው የሚያማክረው ሰው አያገኝም። ጁባ ላይ ፈረስ ብርቅ ነው። የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በደቡብ ሱዳን ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ፈረስ ደግሞ ገንዲን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ከዚያም ይብሳል። ዓይን በማትሞላ ደም መጣጭ ትንኝ ይተላለፋል፣ ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ነው፣ ሳንባ ላይ ሲወጣ ካልተከተቡት ፈረሶች የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከሰሜን ወደ ባሕር አል ጋዛል ይወርዱ የነበሩት ፈረሰኛ ሚሊሻዎችም በጋን ይመርጡ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ረግረጉም ዝንቡም ለፈረስ አይመችም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ደጋው ለፈረስ ተመችቶ ቁጥሩ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይገመታል፤ ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚሆን ክትባትም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

የፈረስ አገር መሆናችን ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ደግሞ አባ ነፍሶ ተብለው በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለመዘከር ነው። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ እሳት የሆነ፣ አላስጠጋ ባይ ፈረስ ይወደሳል። ሲያሽካካና መሬቱን ሲጎደፍር ያየው ሁሉ «ወንድ ነው!» ይላል። ያ ጉድፈራ ከኩራት ይሁን ከቁርጠት የሚጠይቅ የለም። አንድ ወር ተወድሶ በሚቀጥለው ወር በዚያው ጠባዩ የተደበደበ ፈረስ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ምርመራው ከየት ይጀምር? ከተነከሰው ልጅ። ፈረስን እንዲናከስ ከሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ አስፈሪው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ስለዚህ ምናልባቱ የቱንም ያህል ቢያንስ ቅድሚያውን እሱ ይወስዳል። የተነከሰው ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ልጁም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። «ፈረሱ ምን እንደሚሆን እንይ» ተብሎ አይጠበቅም። በሽታው በአገራችን የቆየ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ወረርሽኝ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። ፈረስን ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ውሻ ነው፤ ሌሊት መስክ ላይ አፍንጫው ወይም እግሩ ላይ ይነከሳል፣ ቁስሉ ይድናል፣ ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው በሽታው ይነሣል።

በፈረስ ላይ ሲነሣ መልኩ ብዙ ነው። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ የራሱን ገላ እንኳ ይዘለዝላል። ሌላው እንደ ቁርጠት ይንከባለላል፣ ወይም የኋላ እግሩ እየከዳው ይንገዳገዳል፣ መዋጥ አቅቶት ለሃጩን ያዝረበርባል። አንድ ነገር ግን አይለወጥም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በፍጥነት እየባሰ ይሄዳል፣ ፈረሱም አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር ቀን አያልፍም። የእንጅባራው ድንጉላ ግን ከተለወጠ ሳምንታት አልፈዋል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ኮርቻና ልጓም በሌለበት ሰዓት ሰላም ነው። ይህ የእብድ ውሻ በሽታን ጥርጣሬ በእጅጉ ያሳንሳል። የእንስሳት ሐኪም ይህን ሰምቶ ጥርጣሬውን እስኪያነሣ ድረስ ማንም ሰው፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ እጁን ፈረሱ አፍ ውስጥ አያስገባም። በሽታው በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ የሚረጋገጠው ከሞተ በኋላ አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው።

ይህ ከታለፈ ቀጥሎ መርማሪው መቼና ምን ሲያደርጉት እንደሚቆጣ ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ በሁሉም ላይ የሚቆጣ ፈረስና ጠፍር ሲጠብቅ ብቻ የሚቆጣ ፈረስ አንድ ዓይነት በሽተኞች አይደሉም። በቀኙ ሲቀርቡት ብቻ የሚራገጥ ከሆነ ዓይኑ ይጠረጠራል። ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ እግሩና ወገቡ፣ ልጓም ሲገባ ብቻ ከሆነ አፉ ወይም ጆሮው። ታናሽ ወንድም ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው ያልተናገረው።

የእኛ ድንጉላ ልጓም ሲያይ ስለሚከፋ አፉ ጋ ረዘም አድርገን እንቆይ። ፈረስ 24 የወተት ጥርሶች አሉት፤ 12 የፊት፣ 12 የመንጋጋ። እነዚህ መውደቅ የሚጀምሩት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ የመጨረሻዎቹ የሚረግፉት አራት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ወንዱ ላይ በአራትና በአምስት ዓመት መካከል ክራንቻ ይጨመራል። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ፈረስ ለኮርቻ ከሚገራበት ዕድሜ ጎን አስቀምጡት፤ አንድ ለአንድ ይገጥማል። በሕይወቱ አፉ ከምንም ጊዜ በላይ በሚታመምበት ወቅት ብረት እናጎርሰዋለን ማለት ነው። በእንስሳ እርባታ ውስጥ ከዚህ የከፋ የቀጠሮ አመራረጥ አላውቅም።

የወተት መንጋጋ ሁልጊዜ በንጽሕና አይወድቅም። አዲሱ ጥርስ ከሥር ሲገፋው ቀጭን ቆብ ሆኖ ላዩ ላይ ይቀራል፤ አንድ ጎኑ ተነቅሎ ሌላው ድድ ውስጥ እንደተሰካ ይቆያል። ሣር ባኘከ ቁጥር ይወጋዋል። ምግብ ከአፉ እየወደቀ፣ አንገቱን እያጋደለ የሚያኝክ የሦስት ዓመት ፈረስ ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ። ሐኪም በመሣሪያ ይዞ ያነሣዋል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፈረንጆች የተኩላ ጥርስ የሚሉት አለ። ውርንጭላው ዓመት ሳይሞላው ከመጀመሪያው መንጋጋ ፊት ለፊት ብቅ የምትል፣ የባቄላ ፍሬ የማታህል፣ ለማኘክ የማትጠቅም ጥርስ ናት። ሁሉም ፈረስ የለውም። ሐኪሙ እንዴት እንደሚፈልጋት ብታዩ ትገረማላችሁ። ከፈረሱ ጎን ይቆማል እንጂ ፊቱ አይቆምም፤ አንድ እጁን አፍንጫው ላይ ያሳርፋል፣ የሌላውን እጁን አውራ ጣት በከንፈሩ ማዕዘን በኩል ከፊት ጥርሱና ከመንጋጋው መካከል ወዳለው ጥርስ አልባ ክፍተት ያስገባል። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያው ነው። ጣቱ በባዶ ድድ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ጠጠር የመሰለ ነገር ይነካል። ፈረሱ በዚያች ቅጽበት አንገቱን ከነጠቀ መልሱ ተገኘ። አንዳንዴ ጥርሷ ድዱን ሳትበሳ ከሥሩ ተደብቃ ትቀራለች፤ ላይዋ ላይ ብረት ሲያርፍ የምታሳምመው እንዲህ ያለችው ነው። በማደንዘዣ ትነቀላለች።

እዚያው እያለ ምላሱን ያያል። ምላስ ላይ ወርድ ለወርድ የሚያልፍ ነጭ ጠባሳ የልጓም ወይም የገመድ ታሪክ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው ሲሆን በለዘበ እጅ ካልተያዘ እጅግ ይጎዳል። በጋሪ ፈረሶች ላይ ደግሞ ከሽቦ የተጠማዘዘ ልጓም ማየት የተለመደ ነው። ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ሥር በሁለቱም ወገን የሚዳሰሱ እብጠቶች ግን አያስደንግጡ፤ በሦስትና በአራት ዓመት አዲሶቹ ጥርሶች ሥር ሲሰዱ የሚፈጠሩ ናቸው። አንዱ ወገን ብቻ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም በአንዱ አፍንጫ ቀዳዳ የሚሸት መግል ከወረደ ነገሩ ሌላ ነው።

ገበያ ላይ ያለው ግርምት ይህ ነው፤ ፈረስ ገዢ ሁሉ የፈረስን ከንፈር ገልጦ ጥርስ ያያል። የሚያየው ግን ዕድሜውን ሊቆጥር ነው። ጣቱን አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገፋ ቢያደርግ የሚገዛውን ሕመም ያገኘው ነበር።

ወደ ጀርባው እንሻገር። የፈረስ የጀርባ አጥንቶች የዕድገት ጫፎች ተዘግተው የሚያበቁት በአምስትና በስድስት ዓመት ነው። በሦስት ዓመቱ ቁመቱ ያደገ ይመስላል፤ ወገቡ ግን ገና ልጅ ነው። አገር ቤት ያለው ኮርቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአባት የወረደ ነው፤ ግላሱና ጌጡ ያምራል፣ የእንጨት አካሉ ግን የተጠረበው ዛሬ ለሌለ ለሌላ ፈረስ ነው። ወጣቱ ፈረስ የአባቱን ጫማ ተጫምቶ እንደሚሮጥ ልጅ ነው። እንጨቱ ሰፊ ከሆነ ከጋማው ጫፍ ከፍ ብሎ የሚታየውን የትከሻ አጥንት ይጫነዋል፤ ጠባብ ከሆነ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ይቆነጥጠዋል።

ገጣባ የወጣበትን ፈረስ ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ገጣባ ከመውጣቱ በፊት ያለው ሕመም አለመታየቱ ነው። ኮርቻው ከወረደ በኋላ ላቡን ተመልከቱ። ጀርባው ሁሉ ርሶ መዳፍ የምታህል ቦታ ደርቃ ከቀረች ግፊቱ እዚያ ነበር። በቡላና በጥቁር ፈረስ ጀርባ ላይ ብቅ ያሉ ነጫጭ ጸጉሮች ብዙ ጊዜ ያለፈ ጉዳት ምልክት ናቸው። ከዚያ የጣታችሁን ጫፍ ከአከርካሪው አንድ ጋት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ከትከሻው እስከ ዳሌው በዝግታ እየተጫናችሁ ሂዱ። ጤነኛ ጀርባ በጥቂቱ ይለጠጣል እንጂ አይሰምጥም። የታመመው ይጎብጣል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ ወይም ወደ እናንተ ዞሮ ጥርሱን ያሳያል። ይህን ስትሠሩ ከትከሻው አጠገብ ቁሙ፤ ሌላ ሰው ራሱን ይያዝ።

በዚህ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በተለይ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በግልቢያ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ 59 ፈረሶችን ወስደው፣ በአንድ በኩል ሰው ሲጠጋቸው የሚያሳዩትን ቁጣ፣ በሌላ በኩል የአከርካሪያቸውን ሁኔታ መዘገቡ። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚናከሱትና ጆሯቸውን የሚያጋድሙት በብዛት ወገባቸው የተጎዳባቸው ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ፈረስ ሁሉ የሚናከሰው ወገቡን አሞት ነው አይልም። ይሁን እንጂ «ክፉ» የሚባሉ ፈረሶች በሽተኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠፍር ሲጠብቅ መናከስ ግን የጀርባ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ጨጓራም አለበት። የፈረስ ጨጓራ አሲድ የሚያመነጨው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ነው፤ የተፈጠረው በቀን 16 ሰዓት ያህል እየጋጠ ለሚውል እንስሳ ነውና። የላይኛው የጨጓራው ክፍል ከአሲድ የሚከላከል ሽፋን የለውም። ሣር ሲጠፋና ሆዱ ለሰዓታት ባዶ ሲሆን አሲዱ ያንን ያቆስለዋል። በውጭ አገር የሩጫ ፈረሶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ቁስለቱ እስከ 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። አሁን የእንጅባራውን ድንጉላ ኑሮ አስቡ። ከመስክ ተነሥቶ ለበዓሉ ይደልብ ተብሎ ጋጣ ውስጥ ታሰረ፤ ድርቆሹ ቀነሰ፣ ገብሱ በዛ። ከጓደኞቹ ተለየ፤ መሮጫም አጣ። ጉልበት ተጨምሮለት ማውጫው ተዘጋበት። ጨጓራው ባይቆስል እንኳ ይህ ብቻውን ፈረስን ያቁነጠንጣል። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ገብሱን ቀንሶ፣ ድርቆሹን ሙሉ ቀን ከፊቱ ሳይለይ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ወደ መስክ መልሶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ማየት ወጪ የሌለው ሙከራ ነው።

መኖ ካነሣን አይቀር ስለ ሻጋታ አንድ ቃል። ሻጋታ የያዘው በቆሎ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለፈረስ ይሰጣል። አንዳንዱ የበቆሎ ሻጋታ ፉሞኒሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ከሌሎች እንስሳት ሁሉ ይልቅ ፈረስን ይጎዳል፣ የአንጎሉን ነጭ ክፍል ያሟሟዋል። ፈረሱ ይታወራል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ይገፋል፣ ያብዳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ጉበትን የሚያበላሹ የመስክ አረሞችም ቀስ ብለው እዚያው ያደርሳሉ፤ ጉበቱ ማጣራት ያቃተው መርዝ አንጎል ላይ ይወጣልና። እንዲህ ያለ ፈረስ ልጓም ኖረም አልኖረም የተለወጠ ነው፤ ይደነዝዛል፣ ይዞራል፣ ሰው አይለይም። የእኛ ድንጉላ ይህን አይመስልም።

ዓይንና ጆሮ ብዙ ጊዜ አይወስዱም። ፈረስ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል፤ የማያየው ግንባሩ ፊት ለፊት ያለችውን ጠባብ ቦታና ከጅራቱ ኋላ ያለውን ነው። አንድ ዓይኑ ሲደክም የሚያየው ዓለም በግማሽ ይጠፋል፤ ከዚያ ወገን የነካው ሁሉ ድንገተኛ ጠላት ይሆንበታል። እያገረሸ የሚመለስ የዓይን ውስጥ ብግነት ፈረሶችን በብዛት የሚያሳውር በሽታ ነው። ዓይኑ የሚያለቅስ፣ ፀሐይ ላይ የሚጨፈን፣ ደመና የለበሰ ከሆነ ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይየው። ጆሮ ውስጥ ደግሞ መዥገር አለ። እግሯ ቀይ የሆነችው የአገራችን መዥገር ጫጩቶች የሚወዱት ቦታ የጆሮ ጉድጓድ ነው። ጆሮውን የሚያሳክከው ፈረስ የልጓሙ ጠፍር በጆሮው ላይ ሲያልፍ ራሱን ይነጥቃል፤ ባለቤቱም አፉን ሲመረምር ይውላል።

እግሩም መነሣት አለበት። አራቱን ሰኮና በእጅ ዳሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ፣ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ያለው የደም ሥር በኃይል የሚመታ ከሆነ ውስጡ መግል ወይም ብግነት አለ። ወጣት ፈረስ የኋላ እግሩን ሲያነሡበት የሚራገጠው አንዳንዴ በሦስት እግር መቆም ስለሚያመው ነው።

እስካሁን ያልነካሁት፣ መንደሩ ግን ገና ከጅምሩ ያነሣው ጉዳይ ወንድነቱ ነው። «ኮላሸው፣ ይበርዳል» የሚል ምክር «ሽጠው» ከሚለው ቀጥሎ ርካሹ ነው። እርግጥ ነው፣ የሦስት ዓመት ድንጉላ ባዝራ ሲሸተው ይናከሳል፣ ከሌላ ድንጉላ ጋር ይጣላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። መኮላሸት እንዲህ ያለውን ጠባይ ብዙ ጊዜ ያለዝባል። የሚያመውን ጥርስ ግን አይነቅልም፤ ጠባቡንም ኮርቻ አያሰፋም። ድንጉላው በወንዶችና በባዝራዎች መካከል ሰላም ሆኖ በልጓምና በኮርቻ ላይ ብቻ የሚከፋ ከሆነ ቆለጡ ምን አጠፋ? ሌላው ሊታይ የሚገባው ተኮላሽቷል ተብሎ የተገዛ ፈረስ ነው። አንዱ የዘር ፍሬ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም በባህላዊው መቀጥቀጥ አንዱ ሳይሞት ከተረፈ፣ ሰንጋ የተባለው እንደ ድንጉላ ይሆናል። ባዝራ እንደ ድንጉላ መሆን ከጀመረችም የዕንቁላል እጢዋ ላይ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አመሏ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ፤ ለአትላባራው ወንድም ትልቁ መሣሪያ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከተኮላሹ በኋላ ያሉ ፈረሶችን ፊት እየቀረጸ ሕመም ፊት ላይ የሚጽፋቸውን ስድስት ምልክቶች ለየ። ጆሮ ደርቆ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የዓይን ቆብ ይጠብባል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ሥጋ ይወጠራል፣ የማኘኪያው ጡንቻ ጎልቶ ይታያል፣ ከንፈር ተጨብጦ አገጭ ይወጣል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ይወጠራል። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረስ ሲጋለብ የሚያሳያቸውን 24 ጠባዮች ዘረዘሩ፤ ከእነሱ ስምንትና ከዚያ በላይ የታየበት ፈረስ ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም ይላሉ። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ሦስት ቪዲዮ ይላክ። አንዱ ፈረሱ ማንም ሳይነካው ሲግጥ፣ ሁለተኛው ኮርቻና ልጓም ሲደረግለት ፊቱ በቅርብ እየታየ፣ ሦስተኛው በደረቅ መሬት ላይ ሶምሶማ እየረገጠ ከጎንና ከኋላ። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ላለ የእንስሳት ሐኪም እነዚህን ማሳየት ሐኪሙን መንደሩ ድረስ ከመውሰድ አያድንም፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን ያሳውቀዋል።

ሐኪሙ መጥቶም ምንም ካላገኘ የሚቀረው የማስታገሻ ሙከራ ነው። ፊኒልቡታዞንን የመሰለ መድኃኒት በሐኪም ልክ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ይሰጥና ጠባዩ ይታያል። ከለዘበ ሕመም ነበረ፤ ፍለጋው ይቀጥላል። ካልለዘበ ግን ሕመም የለም ማለት አይደለም፤ የጨጓራ ቁስለት በዚህ መድኃኒት እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ከፋርማሲ ገዝቶ በግምት መስጠት አይቻልም።

እንግዲህ የእኛ ድንጉላ ጥርስ ተነቀለ፣ ኮርቻው ተስተካከለ እንበል። በማግሥቱ በግ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ፈረስ አይረሳም። ልጓም ሕመም መሆኑን ለሳምንታት ተምሯል፤ አሁን ልጓም ሕመም አለመሆኑንም ለሳምንታት መማር አለበት። ድዱ እስኪድን ብረት አይጎርስም፤ በራስ ማሰሪያ ብቻ ይመራል። ከዚያ ኮርቻው ጀርባው ላይ ያርፋል፣ ጠፍሩ ሳይጠብቅ ይወርዳል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። የጥር 23ቱ በዓል ካለፈ ይለፍ፤ በዓሉ ለከርሞም አለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፈረሱ ሰው ላይ አደገኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያኔ መሸጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከተማ፣ ጋሪ ሥር ነው። በአገራችን 28 ከተሞች ውስጥ ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶች ታይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት 18.8 በመቶው በፈንገስ በሚመጣ፣ ቆዳን እያፈረጠ በሚያቆስል በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል፤ ቁስሉ ማሰሪያ የሚፈገፍገውን ቦታ ይወዳል። ሕመም ያስከፋው ፈረስ እዚያ ሄዶ አይሻለውም፤ የሚነክሰውም ምንም ያልሰማውን ባለጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ከሸጣችሁት ለገዢው ንገሩት፤ የት ሲነኩት እንደሚናከስ፣ ማን እንደመረመረው፣ ምን እንደተገኘ። ዋጋው ይቀንሳል። ቢቀንስም ንገሩት።